የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ተማሪውን ምን አስተማሩት? ስለ ምዘናው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ለሚያስተምሩ መምህራን፣ ለፕሮግራም አስተባባሪዎችና ስለ ጉዳዩ ለሚጠይቁ ተማሪዎች ነው። መልሶቹ የተጻፉት ኮርሶቹን ባስተማረና የምዘና ውጤታቸውን ከባልደረቦቹ ጋር ሲመረምር በቆየ መምህር ነው።

የጋራ ኮርሶች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው? ለምንስ ተመለሱ?

በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያ ፍሬሽማን የሚባለውን ዓመት ያሳልፍ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመሰናዶውን ትምህርት ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ሲያወርደው ይህ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ቀረ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽም የአብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ዕድሜ ሦስት ዓመት ሆነ። ከዚያ የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታው ጥናት ተመራቂዎች በጠቅላላ ዕውቀት፣ በግንኙነት ክህሎትና በማመዛዘን ችሎታ ላይ ክፍተት እንዳለባቸው በማመልከቱ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛው ዓመት የጋራ ትምህርት እንዲመለስ ተደረገ።

በዝርዝሩ ውስጥ የእንግሊዝኛ ተግባቦት ክህሎት አንድና ሁለት፣ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ (በምክንያት ማመዛዘን)፣ ጠቅላላ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ሒሳብ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ግሎባል ትሬንድስ፣ ኢንክሉሲቭነስ፣ ኢኮኖሚክስና ሥራ ፈጠራ ይገኛሉ። ሞጁሎቹ በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋጁ ስለሆኑ በጎንደርም ሆነ በጂማ፣ በሐዋሳም ሆነ በጅግጅጋ የሚማር ተማሪ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ይዘት ያገኛል። ተማሪው ያንኑ ይዘት ምን ያህል የራሱ እንዳደረገው ግን ሞጁሉ አንድ ስለሆነ ብቻ አይታወቅም፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ተማሪው ግሬድ ተሰጥቶታል። ከዚያ በላይ ምን ምዘና ያስፈልጋል?

ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ስለሆነ በአንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንየው። የአንድ ኮርስ ነጥብ አከፋፈል የቡድን አሳይመንት 20፣ ክትትልና ተሳትፎ 5፣ ኩዊዝ 10፣ ሚድ 15፣ ፋይናል 50 ነው እንበል። አንደኛዋ ተማሪ በቡድን አሳይመንት 18፣ በተሳትፎ 5፣ በኩዊዝ 7፣ በሚድ 9፣ በፋይናል 14 አመጣች፤ ድምሩ 53 ነው። ሁለተኛው ተማሪ በቡድን አሳይመንት 10፣ በተሳትፎ 2፣ በኩዊዝ 4፣ በሚድ 8፣ በፋይናል 29 አመጣ፤ የእሱም ድምር 53 ነው። ሬጅስትራሩ ለሁለቱም ሲ ብሎ ይመዘግባል፤ በትራንስክሪፕታቸውም ላይ አንድ ናቸው። የአንደኛዋ ውጤት ትልቁ ክፍል የመጣው ከቡድን ሥራ ሲሆን፣ አሳይመንቱን ከቡድኑ አባላት መካከል የትኞቹ እንደሠሩት ማንም አላጣራም። ብቻዋን በተቀመጠችበት ፋይናል ከ50 ያገኘችው 14 ነው። ሁለተኛው በክፍል ብዙም ባይታይም በፋይናል ከግማሽ በላይ ሠርቷል።

ግሬድ የተለያዩ ነገሮችን ደምሮ አንድ ፊደል ያደርጋል። የሚሰጠውም ለአንድ ተማሪ ነው፤ ተማሪው ማለፉን፣ መድገም እንዳለበት፣ የትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚደርሰው ለመወሰን ያገለግላል። እዚህ ምዘና የምንለው ጉዳይ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ሥርዓተ ትምህርቱ «ተማሪው ይህን ማድረግ ይችላል» ብሎ ቃል የገባውን ነገር በዚህ ዓመት የገቡት ተማሪዎች በእርግጥ ይችሉታል ወይ? ስንቶቹ? የትኛው ላይ ይሰናከላሉ? የሺህ ተማሪዎችን ግሬድ ቢደምሩት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይወጣውም።

የኮርሱ ግብ መመዘን በሚቻል መልክ እንዴት ይጻፋል?

«ተማሪው የሎጂክን መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች ይረዳል» የሚል ግብ ለመመዘን አይመችም፤ መረዳት ከውጭ አይታይምና። «ተማሪው በአንድ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ውስጥ ያለውን መደምደሚያና መነሻ ሐሳቦች ለይቶ ያወጣል፤ መደምደሚያው ከመነሻዎቹ የሚከተል መሆን አለመሆኑንም በራሱ ቃል ያስረዳል» ሲባል ግን ምን እንደምንፈልግ መምህሩም ተማሪውም ያውቃሉ። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የትምህርት ዓላማዎች ምደባ ከዕውቀት ተነሥቶ እስከ መገምገም የሚደርሱ ስድስት እርከኖችን ያስቀመጠ ሲሆን፣ ዛሬም በየሞጁሉ መግቢያ የምናያቸው ግሦች የመጡት በአብዛኛው ከዚያው ነው። ችግሩ በሞጁሉ መግቢያ ላይ «ይተነትናል፣ ይገመግማል» የሚሉት ግሦች በፋይናል ፈተናው ላይ «ከሚከተሉት የቱ ነው ትርጉሙ» ወደሚል መውረዳቸው ነው። አስተባባሪ የሆነ ሰው በመጀመሪያ ሊሠራው የሚገባው ነገር የኮርሱን ግቦችና ያለፈውን ዓመት የፋይናል ጥያቄዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የትኛው ጥያቄ የትኛውን ግብ እንደሚነካ ምልክት ማድረግ ነው። አንድም ጥያቄ የማይነካው ግብ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

የምርጫ ጥያቄ ማመዛዘንን ሊለካ ይችላል?

በጥንቃቄ ከተዘጋጀ ይችላል፤ በጥድፊያ ከተዘጋጀ አይችልም። ለምሳሌ ይህን አስረጂ (መነሻ ሐሳቦችና መደምደሚያ ያሉትን ሙግት) እንውሰድ፦ «ወንዞች ሁሉ ወደ ባሕር ይፈስሳሉ። አዋሽ ወንዝ ነው። ስለዚህ አዋሽ ወደ ባሕር ይፈስሳል።» ተማሪው ከጂኦግራፊ ኮርሱ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር ያውቃል። በሎጂክ አነጋገር ግን አስረጂው ቫሊድ ነው፤ መነሻዎቹን ከተቀበልን መደምደሚያው የግድ ይከተላል። ስሕተቱ ያለው በመጀመሪያው መነሻ ላይ ስለሆነ ሳውንድ (ቫሊድ ሆኖ መነሻዎቹም እውነት የሆኑ) አይደለም። «አዋሽ ባሕር ስለማይገባ አስረጂው ቫሊድ አይደለም» የሚለውን ምርጫ ካስገባን፣ የሐሳብን አያያዝ ከእውነትነት ጋር የሚያምታታው ተማሪ እሱን ይመርጣል። የተሳሳተው ምርጫ ራሱ መረጃ ይሰጠናል፤ ተማሪው የት ላይ እንደተደናቀፈ ይነግረናልና። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለው ምርጫ ግን ምንም አይነግረንም።

ፈተናው ከታረመ በኋላም ሥራው አላለቀም። ፈተናውን ከወሰዱት 100 ተማሪዎች በድምር ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን 27ና ዝቅተኛ ያመጡትን 27 ለይተን እናውጣ። አንዱን ጥያቄ ከላይኞቹ 24፣ ከታችኞቹ 9 ከመለሱት ልዩነቱ 15 ነው፤ ለ27 ሲካፈል ወደ 0.56 ይደርሳል፤ ጥያቄው ያጠናውን ካላጠናው በደንብ ይለያል ማለት ነው። ከላይኞቹ 13፣ ከታችኞቹ 14 ከመለሱት ግን ጥያቄው አሻሚ ነው፣ ወይም የመልስ መስጫው ተሳስቷል፣ ወይም ያልተማሩት ነው። ይህ የልዩነት ስሌት ከ0.2 በታች የሆነበት ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ሳይፈተሽ መመለስ የለበትም። ይህን ለማድረግ ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ኤክሴል ይበቃል፤ ኤክሴል በሌለበትም ሁለት መምህራን በአንድ ከሰዓት በኋላ በእጃቸው ይጨርሱታል።

በሺህ የሚቆጠር ተማሪ የጻፈውን ማን አንብቦ ይጨርሳል?

ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ግሬድ ለመስጠት የእያንዳንዱን ወረቀት ማረም ግዴታ ነው፤ ስለ ፕሮግራሙ ለማወቅ ግን ናሙና ይበቃል። ከ3,000 ተማሪዎች ወረቀት 150 ያህሉ በዕጣ ቢወሰድ፣ «ከተማሪዎቹ ምን ያህሉ ይህን ይችላሉ» ለሚለው ጥያቄ የምናገኘው መቶኛ ቢበዛ ወደ 8 ነጥብ ገደማ ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል፤ 400 ከተወሰደ ወደ 5 ነጥብ ይጠብባል። ዲፓርትመንቱ ለሚያደርገው ውሳኔ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ዋናው ነገር ዕጣው ዕጣ መሆኑ ነው። መምህሩ «ጥሩ ጥሩዎቹን» መርጦ ካቀረበ፣ ወይም ከአንድ ሴክሽን ብቻ ከተወሰደ፣ ቁጥሩ ቢበዛም ዋጋ የለውም። ከእያንዳንዱ ሴክሽን ተመጣጣኝ ቁጥር ይወሰድ፤ የተማሪው ስምና መለያ ቁጥር፣ የመምህሩም ስም ይሸፈን።

ሁለት መምህራን አንዱን ወረቀት አንብበው የተለያየ ነጥብ ቢሰጡስ?

ይሰጣሉ። ስለዚህም የመስፈርት ሰንጠረዥ፣ ብዙዎቻችን ሩብሪክ የምንለው፣ ያስፈልጋል። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታወቁት መካከል የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣቸው ሰንጠረዦች ይገኛሉ። ስለ ክሪቲካል ቲንኪንግ የተዘጋጀው አምስት ረድፎች አሉት፦ ጉዳዩን ማብራራት፣ ማስረጃ መጠቀም፣ ዐውድንና ያልተነገሩ መነሻዎችን ማየት፣ የራስን አቋም ማስቀመጥ፣ ከዚያም መደምደሚያውና ውጤቶቹ። እያንዳንዱ ረድፍ ከ1 እስከ 4 የሚደርሱ ደረጃዎች አሉት። እንዳለ ቢገለበጥ ግን አይጠቅመንም። የተጻፈው ለአራት ዓመት ጉዞ ነው፤ የላይኛው ደረጃ ከተመራቂ የሚጠበቅ ስለሆነ የአንደኛ ዓመት ተማሪ 1 ወይም 2 ላይ መገኘቱ ሊያስደነግጥ አይገባም። እኛ ሦስት ረድፍ ብንይዝ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ ረድፍ በበዛ ቁጥር አራሚው ይደክማል፣ የደከመ አራሚም ሁሉንም መካከለኛ ይሰጣል።

ከሰንጠረዡ ይልቅ የሚበልጠው ከእርማቱ በፊት የሚደረገው ስብሰባ ነው። አራሚዎቹ ተሰብስበው አምስት ወረቀቶችን ለየብቻቸው ያርማሉ፤ ከዚያ ነጥባቸውን ጠረጴዛ ላይ ያወጣሉ። አንዱ 1 የሰጠውን ሌላው 3 ሰጥቶት ሲገኝ ክርክር ይነሳል፤ «ማስረጃ ስንል ምን ማለታችን ነው?» የሚለው ጥያቄ በመምህራን መካከል በቅንነት ሲነሳ ያየሁት በእንዲህ ዓይነት ስብሰባ ነው። በዓመታት የዲፓርትመንት ስብሰባዎች ያልሰማሁትን ያህል ስለ ማስተማር የሰማሁት እዚያ ስለሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ ስብሰባ እንዳይቀር እማጸናለሁ።

ኮርሱ በእንግሊዝኛ ነው። የምንለካው ማመዛዘንን ነው ወይስ እንግሊዝኛን?

ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው፤ በየትኛውም ቀመር አይፈታም። አንድ ተማሪ በአዋሽ ጥያቄ ላይ የጻፈው ሁለት የተሰባበሩ የእንግሊዝኛ መስመሮችን ብቻ ነበር፤ በሰንጠረዡ መሠረት ዝቅተኛውን ነጥብ አገኘ። ወረቀቱን ለማየት ቢሮ ሲመጣ መልሱን በአማርኛ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። «መምህር፣ አዋሽ አቤ ሐይቅ ላይ ነው የሚቀረው። ግን ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል ብለን ከተቀበልን አዋሽም መግባት አለበት፤ ጥፋቱ አያያዙ ላይ ሳይሆን መነሻው ላይ ነው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ከእኔም አይጠበቅም። ልጁ ሎጂኩን ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ግን አያውቀውም ይላል።

ከዚህ ተነሥቶ ፈተናውን ሁሉ በአማርኛ እናድርገው ማለት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ሴክሽን አፍ መፍቻው አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛ ወይም ሲዳምኛ የሆነ ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ለአንዱ ያቃለልነው ለሌላው በደል ይሆናል። የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋም እንግሊዝኛ ነው። ማድረግ የምንችለው ይህ ነው፦ የጥያቄውን ቋንቋ ማቅለል፣ ሁለት አሉታዎችንና የተጠላለፉ ዐረፍተ ነገሮችን ማስወገድ፣ በሰንጠረዡ ውስጥ ለቋንቋ ራሱን የቻለ ረድፍ ሰጥቶ ከማመዛዘኑ ረድፍ መለየት፣ ሰዋስው በማመዛዘን ነጥብ ላይ እንዳይቀንስ ማድረግ። ከናሙናው ውስጥም ጥቂት ተማሪዎችን ተማሪውና አንድ መምህር በሚግባቡበት ቋንቋ በቃል መጠየቅ ይቻላል። በቃል የመለሱትና በጽሑፍ የመለሱት ርቀቱ ሰፊ ከሆነ፣ መስተካከል ያለበት የሎጂክ ኮርሱ ብቻ አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ተግባቦት ኮርሱም አብሮ መታየት አለበት። የሁለቱ ኮርሶች መምህራን ግን ብዙ ጊዜ በተለያዩ ሕንፃዎች ውስጥ ሆነው በዓመት አንድ ቀን እንኳ አይገናኙም።

ተማሪዎች አሳይመንታቸውን በቻትጂፒቲ እያሠሩ ነው። ከዚህ ወዲህ የቤት ሥራ ለምዘና ይሆናል?

ለግሬድ ያለውን ጠቀሜታ እያንዳንዱ መምህር ይወስን፤ ለፕሮግራም ምዘና ግን በክፍል ውስጥ በ40 ደቂቃ የሚጻፍ አንድ ገጽ በቤት ከሚሠራ አሥር ገጽ ይልቅ ይታመናል። ኩረጃ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከሱቅ ፎቶ ኮፒ የሚገዙ አሳይመንቶች ከቻትጂፒቲ በፊት ነበሩ። ተማሪው ያቀረበውን ሥራ አምስት ደቂቃ በቃል እንዲያስረዳ ማድረግ ለሁለቱም ይሠራል።

የመውጫ ፈተና አለ። እሱ አይበቃም?

አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና የሚዘጋጀው በየትምህርት ዘርፉ ዋና ዋና ብቃቶች ላይ ነው። የሒሳብ አያያዝ ተመራቂ የሚጠየቀው ስለ ሒሳብ አያያዝ ነው፤ በአንደኛ ዓመት ስለተማረው አንትሮፖሎጂ ወይም ስለ ክሪቲካል ቲንኪንግ ራሱን ችሎ የሚጠይቀው የለም። ደግሞም ውጤቱ የሚመጣው ተማሪው ሊወጣ ሲል ስለሆነ ለእሱ የሚሆን እርማት አይገኝበትም።

ተማሪው ሲገባ ያውቀው እንደነበር በምን ይታወቃል?

በመጀመሪያው ሳምንት አጭር መነሻ ፈተና ካልተሰጠ አይታወቅም። ነጥብ የማይያዝበት፣ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ፣ በመጨረሻው ሳምንት ከሚሰጠው ጋር ተመሳሳይ ክህሎት የሚፈትን ይሁን፤ ጥያቄዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይሁኑ። ነጥብ የማይያዝበትን ተማሪው በቁም ነገር አይሠራውም የሚሉ አሉ፤ ዓላማውን በግልጽ ከነገሩት አብዛኛው ይሠራዋል።

ውጤቱ መምህሩን ለመገምገም ወይም ለመቅጣት ይውላል?

መዋል የለበትም፤ ይህም አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። የሴክሽኔ ውጤት ለደረጃ ዕድገቴ ይታያል ብሎ የሚያስብ መምህር ፈተናውን ያቀልላል፣ ጥያቄውን ቀድሞ በክፍል ያሠራል፣ ሰው ነውና። በዚህ ምክንያት የመምህሩ ስም ከናሙናው ላይ እንዲሸፈን ከላይ ጠቁመናል፤ ሪፖርቱም በኮርስ እንጂ በሴክሽን አይወጣም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለጥራት ኦዲት ሲመጣ የሚቀርበው ሰነድም ይኸው በኮርስ የተጠቃለለው ይሁን።

ውጤቱ ከወጣ በኋላ ምን ይደረግበታል?

ብዙ ጊዜ ተጠርዞ ካቢኔት ውስጥ ይገባል። እንዲህ እንዳይሆን ከአንድ ምዘና አንድ ለውጥ ብቻ ይውጣ። ተማሪዎች የስሕተተ ሐሳቦችን (የተሳሳቱ የማመዛዘን ዓይነቶችን) ስም ከነትርጉማቸው ዘርዝረው፣ በእውነተኛ ጽሑፍ ውስጥ ግን ማግኘት ካልቻሉ፣ የስሞቹ ዝርዝር ከሚሸፈንበት ሰዓት ሁለቱ ተቀንሶ ለጋዜጣ ጽሑፎች ንባብ ይሰጥ። ይህ ለውጥ በየትኛው ሳምንት፣ በማን ኃላፊነት እንደሚተገበር በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ክህሎት ብቻ እንደገና ይመዘን። ሞጁሉ በማዕከል የተዘጋጀ ስለሆነ አንለውጠውም የሚል ምክንያት ይነሳል፤ የምዕራፎቹን ይዘት ባንለውጥ እንኳ ለየትኛው ስንት ሰዓት እንደሚሰጥና በምን እንደሚለማመዱት የመወሰን ቦታ አለን።

ለተማሪዎቹም ይነገራቸው። በመስከረም የሚገቡት አዲሶች «ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ይህን ያህሉ እዚህ ጋ ተሰናክለዋል፤ ስለዚህ ዘንድሮ በሦስተኛው ሳምንት ይህን እንለማመዳለን» ሲባሉ ልምምዱ ለምን እንደተሰጣቸው ያውቃሉ። የአዋሹን አስረጂ የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፌ እጀምራለሁ፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል፤ መልሱን እስከ ሦስተኛው ሳምንት አልነግራቸውም።